ቆሞ የሚውለው አውሮፕላን

አንድ ባለ አውሮፕላን ሰው ነበረ። ሃያ አንድ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ከሃያ አንዱ አንዱም ግን ምድር ላይ ጥላ ጥሎ አያውቅም።

እንዲህ ብዬ ስጀምርላት ሐረገወይን ቀና ብላ አየችኝ። ድሮ ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ ከከተማችን በታች ባለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ ጣቢያው ሌላ አዋላጅ የለውም። ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመንደር ስትመለስ፣ ጫማዋ በጭቃ እንደተለወሰ፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጣችና የጂኦግራፊ ካርታዎቹን በማስቀምጥበት ክፍል አገኘችኝ። የመጣችው ልትጠይቀኝ ነበር። እዚህ የምጽፈው የመለስኩላትን ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን ከእሷ በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ጥያቄዋ ይህ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ አንድ አንድ መንደር ትወርዳለች። አራት መንደር ማለት ነው። እዚያ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች አንድ በአንድ ታያለች። ዓርብ ጣቢያው ውስጥ ትውላለች። አሁን ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው አምስተኛ መንደር ዓርብን ስጪን አላት። የዚያ መንደር ሴቶች ሁለት ሰዓት በእግራቸው እየተጓዙ ነው ወደ ጣቢያው የሚመጡት። የመንደሩ ሽማግሌ በሰው ፊት፣ «ልጄ፣ ከአንቺ በፊት የነበሩት ዓርብ ዓርብ ይመጡልን ነበር። አንቺ እኮ ዓርብን ተቀምጠሽ ነው የምትውዪው» አሏት። ነገ ጠዋት መልስ ይጠብቃሉ።

«ቲቸር፣ እሺ ልበላቸው ወይስ እምቢ?» አለችኝ። «ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለቱ ዓመት እንኳ ሳይሞሉ ነው ጥለው የሄዱት። ሰው በዚህ ሥራ ላይ እንዴት አድርጎ ነው የሚቆየው?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በቀጥታ መመለስ አይሆንልኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት እንኳ ዓይኔን ከካርታው ላይ ሳላነሣ ነው። ስለዚህ ስለ ሰውየው ነገርኳት።

አውሮፕላኖቹ የጨዋታ ነበሩ። በኮምፒውተር የሚጫወቱት ነው። ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ሰዎች፣ ሳይተያዩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አየር መንገድ ያቋቁማሉ። አውሮፕላን ይገዛሉ፣ መስመር ይከፍታሉ፣ አብራሪና መካኒክ ይቀጥራሉ። የእኛ አንድ ቀን በዚያ ዓለም አንድ ሳምንት ነው። ተጫዋቹ ቢተኛም አውሮፕላኖቹ መብረር አያቆሙም፤ ተሳፋሪውም ስንት ጊዜ እንደዘገየበት መቁጠሩን አያቆምም። ጨዋታው የሚያልቅበት ቀን የለውም። አሸነፈ የሚባል ሰውም የለም። ያለው መቆየት ብቻ ነው።

ሰውየው አየር መንገዱን «ሽመላ» አለው። በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ጀመረ። ከእሱ ጋር በአንድ ሳምንት የጀመሩ አርባ ያህል ነበሩ። በዚያን ጊዜ ነዳጅ ረክሶ ነበርና አብዛኞቹ ትልልቅ አውሮፕላን እየገዙ ሁሉም ወደሚሮጥባቸው ትልልቅ ከተሞች በረሩ። ስማቸው ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ። ነዳጅ ሲወደድ ግማሹ ባዶ የሆነውን አውሮፕላን ማብረርም ማቆምም አቃታቸውና አንድ በአንድ ጠፉ። ሰውየው የሚበረው ማንም ወደማይፈልጋቸው ማረፊያዎች ነበር፤ ወደ ጎዴ፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ። አንዱን አውሮፕላን የሚያውቅ መካኒክ ሁሉንም እንዲያውቅ አንድ ዓይነት ብቻ ይገዛል። ያረጀውን እስኪሰበር አይጠብቀውም። ይህን ሁሉ የጠፉትን እያየ ነው የተማረው።

አንዱን ልማድ ግን ከራሱ አመጣው። ሃያው ሲበሩ አንዱ ይቆማል። መስመር የለውም፣ ተሳፋሪ የለውም። ዘይቱ ተቀይሮ፣ ጎማው ተነፍቶ፣ ከሜዳው ዳር ይቆማል። ከሃያዎቹ አንዱ ሲታመም ያ ተነሥቶ በቦታው ይበራል፤ የታመመው ሲድን ተመልሶ ይቆማል። በዚህ ምክንያት የሽመላ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ቀርቶ አያውቅም። ጨዋታው ለእያንዳንዱ አየር መንገድ ሰው ምን ያህል እንደሚያምነው ከመቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ይህን «ስም» ይሉታል። የሽመላ ስም ዘጠና አራት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረ። ከአርባዎቹ የቀሩት ሦስት ነበሩ።

ተጫዋቾቹ የሚጻጻፉበት ሰሌዳ አላቸው። እዚያ ላይ በቆመው አውሮፕላን ይቀልዱበት ነበር።

«ወንድማችን ሐውልት አቁሟል» ይላል አንዱ።

«ሐውልት እንኳ ርግብ ያርፍበታል» ይላል ሌላው።

«ለዓመት በዓል አጥቦ ያስመርቀው ይሆናል።»

ሰውየው ያነብና ለብቻው ይስቃል። መልስ አይጽፍም፤ ዓይን አፋር ነበር።

«ማንም በማያየው ቦታ ምን ያሳፍረዋል?» አለች ሐረገወይን።

«እሱም እንደዚያ ይል ነበር» አልኳት። «ግን ያፍራል።»

ከተጫዋቾቹ መካከል አንድ ወዳጅ ነበረው። የአገሩ ሰው ነው፤ በሌላ ከተማ የሚኖር፣ ፊቱን አይቶት የማያውቅ። አምስት ዓመት ተጻጽፈዋል። አንድ ጊዜ ሰውየው የማረፊያ ቦታ አጥቶ ሁለት መስመር ሊዘጋበት ሲል ያ ወዳጁ የራሱን ቦታ ለቅቆለታል። ስለዚህ የወዳጁ ቃል ይከብደው ነበር። በዚያ ጨዋታ አውሮፕላን መዋዋስ ይቻላል። አንድ ቀን ወዳጁ እንዲህ ሲል ጻፈለት።

«ወንድሜ፣ ወደ ደሴቶቹ መስመር ከፍቼ አውሮፕላን ጎደለኝ። ያ ሐውልትህ እዚያ ተገትሮ ከሚውል ለእኔ ቢበርልኝስ?»

ሰውየው አነበበው። ልቡ እምቢ አለ። «ይህ አውሮፕላን ሥራ ፈት አይደለም» ብሎ ጀመረና አጠፋው። እንደገና ጀመረ፤ አጠፋው። ምን ይለኛል አለ። ውለታዬን ረሳ ይለኛል፤ የማይሠራበትን ነገር እንኳ ነፈገኝ ይለኛል። ይሉኝታ የማይገባበት ቤት እንደሌለ አውቅ ነበር፤ ግን በሌለ አየር መንገድ ውስጥ፣ ባልታየ ሰው ፊት፣ ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰውየው በመጨረሻ አንድ ቃል ጻፈ።

«እሺ።»

ወዲያው ምንም አልሆነም። ክፋቱም እሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር አንድ ወር አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፤ ሃያዎቹ በደህና በረሩ። ሰሌዳው ላይ «ሐውልቱ ክንፍ አወጣ» ብለው አመሰገኑት። ሰውየው ደስ አለው። እስከ ዛሬ ምን ነክቶኝ ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት በከንቱ አቁሜው ኖርኩ አለ።

በሦስተኛው ወር የጎዴው አውሮፕላን ሞተሩ ታመመ።

የሚተካው አልነበረም። ሰውየው የአሶሳውን አንሥቶ ወደ ጎዴ ላከው። አሶሳ እንዳይቀር የጋምቤላውን ወደ አሶሳ ላከ። ጋምቤላ እንዳይቀር ደግሞ በዚያ ሳምንት ለምርመራ መቆም የነበረበትን አውሮፕላን፣ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሠኝ ብሎ አበረረው። ታገሠው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን እሱም ተበላሸ። አሁን የታመሙት ሁለት ሆኑ፤ ሁለቱን ለመሸፈን አራት ከቦታቸው ተነሡ። በራሱ መስመር ላይ ያለ አውሮፕላን ጠፋ፤ በሰዓቱ የሚደርስም ጠፋ። ምርመራ የሚዘለለው በበዛ ቁጥር የሚታመመው በዛ። ሰውየው ጠዋት ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት አንድ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከሥራ ሲመለስ ሦስት ተከፍቶ ያገኛል።

ከመስመሮቹ ጥቂቱን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር። ይህን አላጣውም። እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ነበር። ግን፣ ጎዴዎቹ ምን ይሉኛል አለ። ሰባት ዓመት አመላልሼያቸው አሁን ሜዳ ላይ እጥላቸዋለሁ? አለ። ጎዴዎቹ የሉም። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ተሳፋሪ የሚባለው ቁጥር ነው። ሰውየው ቁጥርን አፍሮ መስመሩን ሳይዘጋ ቀረ።

ስሙ ከዘጠና አራት ወደ ሰባ፣ ከሰባ ወደ አርባ አምስት ወረደ። በመጨረሻ ለወዳጁ ጻፈ። ያን አጭር መልእክት ለመላክ ሦስት ቀን ፈጀበት።

«ወንድሜ፣ አውሮፕላኑን መልስልኝ። እየወደቅሁ ነው።»

መልሱ ፈጥኖ መጣ። «ውይ ወንድሜ፣ በምን ዓይኔ ላንሣው? ደሴቶቹ እኮ ለመዱት። አሁን ብወስድባቸው ምን ይሉኛል?»

ሰውየው ይህን ሲያነብ አልተቆጣም። የራሱን ቃል ነበር ያነበበው።

የጎዴው አውሮፕላን በታመመ፣ በእኛ አቆጣጠር በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የሽመላ ስም ግራጫ ሆነ። በዚያ ጨዋታ የሞተ አየር መንገድ ስሙ ግራጫ ይሆናል። ሲጫኑት አይከፈትም።

ሐረገወይን፣ «ሰውየው ምን ሆነ?» አለችኝ።

«አዘነ። ግን ጨዋታውን የሚያውቅለት ሰው ስላልነበረ የሚያጽናናው አላገኘም።»

«ለጨዋታ?» አለች። «ሰው ለጨዋታ ያዝናል?»

የአፍሪካን ካርታ እየጠቀለልኩ ነበር። እጄ ቆመ። ከዚህ በኋላ ያለውን ልተወው እችል ነበር። ምሳሌው ያለ እሱም ይገባታል። ነገር ግን ነገ ጠዋት ይህች ልጅ በአንድ ሽማግሌ ፊት ቆማ ከባድ ነገር ልትናገር ነው፤ እኔ የራሴን ሳልናገር እንዴት አድርጌ እልካታለሁ ብዬ አሰብኩ።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳላችሁ» አልኳት፣ «አንድ ሰኞ ክፍል ገብቼ፣ ሰሌዳው ላይ ቀን ጽፌ፣ ዝም ብዬ ቆሜ የቀረሁበትን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ እንጂ። አክስትዎ ያረፉ ጊዜ። ሁላችንም አዋጥተን በአንድ ሣጥን ለስላሳ ለቅሶ ደረስንዎ።»

«አክስት የለኝም፣ ሐረገወይን።»

አየችኝ። እኔ ካርታውን አየሁ።

«ከእናንተ አንዱ፣ ቲቸር ምነው፣ ሰው ሞተብዎት? አለኝ። አይደለም ለማለት ሌላ ነገር መናገር ሊኖርብኝ ነው። አዎ አልኩ። ማን ሲሉኝ፣ ዘመድ አልኩ። አክስት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። በነጋታው አርባ ስምንት ልጆች ቤቴ ሞላችሁ።»

«ቲቸር» አለች፣ «ለአየር መንገድ ነው ያለቀስነው?»

«ለአየር መንገድ ነው።»

«ስንታየሁ እኮ ደረቷን እየመታች ነበር።»

«ስንታየሁ ለማንም ታለቅሳለች።»

አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሳቋ አላስከፋኝም። ስድስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር በዚያ ሳቅ ቀለል አለልኝ። ጨዋታውን ከጀመርኩ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የመምህራን ስብሰባ ላይ ርእሰ መምህሩ ሲናገሩ ስለ ነዳጅ አስብ ነበር፤ የተማርኩ ሴት፣ ፀጉሬ የሸበተ፣ የልጅ ጨዋታ ደብቄ የምኖር።

«ታዲያ ለምን ወንድ ሆኑ?» አለችኝ።

«ሲመዘገቡ ስም ይጠይቃል። የሴት ስም ብጽፍ ሁሉም መካሪ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። የአባቴን ስም ጻፍኩ። ወዳጄ እስከ ዛሬ ወንድሜ ነው የሚለኝ።»

«ከዚያ በኋላስ ተዉት?»

«አልተውኩትም። በአንድ አውሮፕላን እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛውን እስካገኝ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሁለተኛውን ስገዛ አቆምኩት።»

«ከሁለት አንዱን?»

«ከሁለት አንዱን። ሰሌዳው ላይ እንዴት እንደሳቁብኝ አልነግርሽም። ዓመት ሳይሞላ ወዳጄ ደግሞ ጠየቀኝ። እዚያ የቆመውን አውሰኝ አለኝ። ያን ጊዜ፣ ይህ አውሮፕላን የተሳፋሪዎቼ ነው፣ የእኔ ስላልሆነ ልሰጥህ አልችልም ብዬ ጻፍኩለት። ጽፌ ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ሁለት ቀን ሳልከፍተው ቀረሁ።»

«ተቀየመ?»

«ስከፍተው፣ እሺ ወንድሜ ብሎ ቆየኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የፈራሁት ለዚህ ነው።»

አሁን ዘጠኝ አውሮፕላኖች አሉኝ። ስምንቱ ይበራሉ። ካርታውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና ወደ እሷ ዞርኩ።

«እንግዲህ ስሚኝ። አራቱ መንደሮችሽ የሚበሩት ናቸው። የቆመው ዓርብ ነው። ባለፈው ነሐሴ በማክሰኞው መንደር መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ መሻገር ያቃተሽ ጊዜ፣ ያቺን ፊቷ ያበጠውን ሴት ያገኘሻት በምን ቀን ነበር?»

«ዓርብ» አለች፤ በጣም ቀስ ብላ።

ታሪኩን ከዚያ በፊት ነግራኛለች፤ ወንዙ ሲጎድል ወደዚያ መንደር የወረደችው በባዶው ዓርብ ነበር። የሴትዮዋ እጇና ፊቷ አብጦ፣ ራሷን ይፈልጣት፣ ዓይኗ ይደበዝዝባት ነበር። ሐረገወይን በዚያው ዓርብ በቃሬዛ አስይዛ ወደ ሆስፒታል ላከቻት። እናትየዋም ልጅየውም ተረፉ። ዓርብ የሌላ መንደር ቢሆን ኖሮ ሐረገወይን ወደዚያ የምትደርሰው በቀጣዩ ማክሰኞ ነበር። ይህን ሁለታችንም ጮክ ብለን አልተናገርነውም።

«ሽማግሌው ያሉሽ እውነት ነው» አልኳት። «ተቀምጠሽ ትውያለሽ። ያ አውሮፕላንም ቆሞ ነበር የሚውለው። ዓርብ የአንቺ ማረፊያ ቢሆን ኖሮ ስጪያቸው እልሽ ነበር፤ የራስሽን መስጠት ታውቂበታለሽ። ግን የአንቺ አይደለም። ሰኞ ለቅሶ ገብቶባት ላልመጣችው ሴት ነው። ማክሰኞ ወንዝ ለከለከላት ነው። የእነሱን ቀን አንቺ በይሉኝታ መስጠት አትችይም። ከአንቺ በፊት የነበሩት ሁለቱስ ስንት መንደር ነበራቸው?»

አሰበች። «አምስት» አለች። «ሁለቱም አምስት አምስት ነበራቸው። ዓርባቸውን ሰጥተው ነበር።»

«ከዚያስ ማክሰኞ ዝናብ ሲያስቀራቸው የማክሰኞውን ረቡዕ ላይ ይደርቡ ነበር፤ የረቡዑን ሐሙስ ላይ። የሚያስቀር ነገር በየሳምንቱ አይጠፋም። ሰውን የሚጥለው ሥራ መብዛቱ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። አንድ ነገር ሲጎድል ጉድለቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ማጣቱ ነው።»

«የማዶዎቹስ?» አለች። «እነሱም እናቶች ናቸው እኮ። ሆዳቸውን ይዘው ሁለት ሰዓት ነው የሚሄዱት።»

«ናቸው። የእኔ ተሳፋሪዎች ቁጥር ነበሩ፤ የአንቺ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ላይ ምሳሌዬ ያንሳል። ስለዚህ ዝም ብለሽ እምቢ አትዪም። ከአራቱ መንደሮች ሰው የሚያንስበት አለ። እሱና ማዶ አንድ ቀን ይካፈሉ፣ አንድ ሳምንት ለዚህ፣ አንድ ሳምንት ለዚያ። ሁለተኛ አዋላጅ ይመደብልን ብለሽም ጻፊ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን፣ ሽማግሌውም ይፈርሙበት። እሷ ስትመጣ መንደር ትጨምራላችሁ። ዓርብን ግን አትንኪው።»

ተነሣች። ጫማዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ በደጃፉ ድንጋይ አራገፈች። ከዚያ ዞራ፣ «ቲቸር» አለች፣ «በእሳቸው ፊት ቆሜ ይህን ስናገር እኮ አፍራለሁ።»

«እኔም አፍራለሁ» አልኳት። «አሥራ ሦስት ዓመት እስኪያልፈኝ ድረስ ይለቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልለቀቀኝም። ዛሬም እያፈርኩ ነው የነገርኩሽ። አንቺም ነገ አፍረሽ ንገሪያቸው።»